ኪሎ ይቅደም ወይስ አነሳስ?

ሱሉልታ ሜዳ ላይ ራግቢ ሊግ የሚባለውን፣ ኳስ ይዞ እየተጋፉ የሚሮጡበትን ጨዋታ የጀመሩ ልጆች አሉ። ክረምቱን ክብደት ይጨምሩበት ወይስ ፍጥነት ይሥሩበት በሚለው አሰልጣኙና የስፖርት መምህርቷ አልተስማሙም።

አሰልጣኙ፦ ይህ 13 ለ13 ሆነው ለ80 ደቂቃ የሚጋጩበት ጨዋታ ነው። የእኛ ልጆች ቁመና ደግሞ የረጅም ርቀት ሯጭ ነው። ባለፈው ቅዳሜ አንዱ ልጅ አሸዋና ጭድ የጠቀጠቅንበትን ጆንያ ተንደርድሮ ቢመታው፣ ጆንያው ንቅንቅ ሳይል እሱ ሣሩ ላይ ተዘረረ። ፈጣን ነው፤ ታዲያ ምን ጠቀመው? ሰውየው ሲጋጭ ይዞት የሚመጣውን ግፊት ለማወቅ ክብደቱን በፍጥነቱ ያባዙት፦ 100 ኪሎ ሰው በሰከንድ 8 ሜትር ሲሮጥ 800 ይመጣል። የ70 ኪሎው ልጅ 9 ሜትር ቢበር እንኳ 630 ነው። መጀመሪያ ይብሉ፣ ብረት ያንሡ።

መምህርቷ፦ ጋሼ፣ ስሌቱን አልክድም። ግን ያ 100 ኪሎ ሰው 8 ሜትር እስኪደርስ ማን ሜዳ ይሰጠዋል? ኳስ የያዘው ከተጣለ በኋላ ተከላካዮቹ 10 ሜትር ያፈገፍጋሉ፤ ጨዋታው ሲቀጥል ሁለቱም ወገን ወደፊት ስለሚመጣ 10 ሜትሩ ሳይሞላ ይገናኛሉ። ስለዚህ ወሳኙ አነሳሱ ነው፤ የሩጫው የመጀመሪያዎቹ አራት አምስት እርምጃዎች። እነዚህ እርምጃዎች የሚፈልጉት ደግሞ ከራስ ክብደት አንጻር መሬትን አጥብቆ የመግፋት አቅም ነው። በስብ የመጣ ኪሎ ሸክም ነው። ልጁ ሲወድቅ አጠገቡ ነበርኩ፤ እግሮቹን አጣብቆ፣ ደረቱን ቀጥ አድርጎ ነው የመታው።

አሰልጣኙ፦ አመታቱስ ልክ ነዎት። ለክንፍ ተጫዋች ፍጥነት ይቅደም ቢሉኝም እስማማለሁ፤ መሀል ለሚጋፋው ፕሮፕ ግን አልስማማም። ደግሞስ በየጠዋቱ ዳገት ለዳገት 15 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ልጅ ጡንቻ ከየት ያመጣል?

መምህርቷ፦ ረጅሙ ሩጫ ይቀነስ፤ እሱ ላይ አንድ ነን። ብረት ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሣቱም ይኑር፤ ለአነሳስ የሚጠቅመው እሱ ነው። የሱሉልታን ከፍታ ግን አይፍሩት። እ.ኤ.አ. በ1968 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ የአጭር ርቀት ሪከርዶች የተሰበሩት ስስ አየር ሯጩን ብዙ ስለማይይዘው ነው። እዚህ የሚያስቸግረን በሩጫዎቹ መካከል ትንፋሽ መመለሱ ነው። 10 ሜትር ይሩጡ፣ በደንብ ይረፉ፣ ይድገሙ። ቅዳሜ ያንኑ ልጅ ጉልበቱን አጥፎ፣ ዝቅ ብሎ እንዲመታ ያሳዩትና እንይ።

አሰልጣኙ፦ ይምታ፣ አሳየዋለሁ። ጭዱን ግን አውጥቼ በሙሉ አሸዋ አደርገዋለሁ፤ ሜዳ ላይ የሚጠብቀው 100 ኪሎ ሰው ነው።