ለማፍረስ ይፈቀዳል፣ ለመጠገን ይከለከላል

በጎጃም ካሉት ከተሞች በአንዱ፣ በዋናው መንገድ ዳር፣ አጎቴ ከአባታቸው የወረሱት የጭቃ ቤት አለ። ምሰሶው ጥድ ነው፤ ግድግዳው ከጭድ ጋር ተቦክቶ በተመረገ ጭቃ የተሠራ ሲሆን፣ ከፊቱ እንግዳም ጎረቤትም ቡና የሚጠጣበት ሰፊ በረንዳ አለው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የክረምቱ ዝናብ የአንዱን ማዕዘን ምሰሶ ከግርጌው ስላበሰበሰው፣ አጎቴ ምሰሶውን ለመለወጥና ያረጀውን ቆርቆሮ ለማደስ ፈቃድ ሊጠይቁ ማመልከቻ ይዘው ሄዱ። የተሰጣቸው መልስ አጭር ነበር፤ ቦታው በፕላኑ መሠረት ፎቅ የሚሠራበት በመሆኑ ለጭቃ ቤት የእድሳት ፈቃድ አይሰጥም፣ አፍርሰው ዲዛይን ካቀረቡ ግን ይስተናገዳሉ። ፎቅ የሚያሠራ ገንዘብ ስለሌላቸው ቤቱ እስከ ዛሬ በሁለት የባሕር ዛፍ አጠና ተደግፎ ቆሟል።

በ2016 ዓ.ም የአዲስ አበባው ፒያሳ በኮሪደር ልማት ምክንያት በፈረሰ ጊዜ የተነሣው ክርክር፣ ልማቱ ባሕር ዳርን ወደ መሳሰሉ የክልል ከተሞች ሲዛመት አብሮ ተዛምቷል። አንደኛው ወገን ታሪካችን ፈረሰ ይላል፣ ሌላው ደግሞ በዝናብ የሚያፈስስ ቤት ቅርስ ተብሎ ሰው ሊኖርበት አይገባም ይላል። በእኔ አስተያየት ሁለቱም የሚከራከሩት ጉዳዩ ካለቀ በኋላ ነው። ዶዘሩ ከመምጣቱ ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ቤቱን ለመጠገን የተጠየቀው ፈቃድ በተከለከለበት ቀን፣ ቤቱ እንዲፈርስ ተወስኗል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ቤቱ ራሱ እስኪያዘነብል መጠበቅ ብቻ ነው፤ ካዘነበለ በኋላም ለነዋሪው አደገኛ ነው ብሎ ለማፍረስ ማንም አይቸገርም።

ሕግ የለም ማለቴ አይደለም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ባለሥልጣኑ ፈቃድ መነካካትን ይከለክላል፤ የጥገናው ወጪ ከባለቤቱ አቅም በላይ በሆነ ጊዜም መንግሥት ከፊሉን ሊሸፍን እንደሚችል ይደነግጋል። ይሁን እንጂ አዋጁ በተግባር የሚደርሰው ስም ላላቸው ሕንፃዎች ነው። በጎጃም ስም ያላቸው ብዙ ናቸው፤ ንግሥት እሌኒ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያሠራችው የመርጡለ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ በጥርብ ድንጋዩ እስከ ዛሬ ያስደንቃል፤ በደብረ ማርቆስም በ1873 ዓ.ም የጎጃም ንጉሥ ተብለው የነገሡት የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤተ መንግሥት አለ። እነዚህን በግልጽ አፍርሱ የሚል ባለሥልጣን ይመጣል ብዬ አልሰጋም። የምሰጋው ከተማዋ መንቆረር ትባል ከነበረበት ዘመን ጀምሮ በቤተ መንግሥቱና በማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያደጉት ሰፈሮች አንድ በአንድ ጠፍተው፣ ቤተ መንግሥቱ በመስተዋት ፎቆች መካከል እንደ ባዕድ ብቻውን የሚቀርበትን ቀን ነው። የአጎቴ ቤት በማንኛውም መዝገብ ላይ ቅርስ አይደለም፤ አሮጌ ቤት ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ቤት ነው ከተማውን ከተማ ያደረገው።

ስለ ዘላቂ ልማት የሚነገረውም ቢሆን ከዚሁ ጋር መታየት ይኖርበታል። ሲሚንቶ የሚገኘው የኖራ ድንጋይን ከ1,400 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሆነ ሙቀት በማቃጠል ሲሆን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚወጣው ከማገዶው ብቻ ሳይሆን ከድንጋዩም ጭምር ነው፤ በዓለም ላይ ሰው ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውስጥ 8 በመቶ ገደማው የሲሚንቶ ድርሻ እንደሆነ ይገመታል። የጭቃ ቤት አፈሩ ከግቢው፣ ጭዱ ከአውድማው ይመጣል፤ ሲፈርስም ወደ መሬቱ ይመለሳል። ጸንቶ የቆመን ቤት አፍርሶ በቦታው ብሎኬትና አርማታ መደርደር፣ ዙሪያው ላይ የቱንም ያህል ችግኝ ቢተከል አረንጓዴ ልማት ሊባል አይገባም። አየሩም የራሱ ክርክር አለው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ብርዳማ ከተማ ናት፤ ባሕር ዳር ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ ሚያዝያ ላይ ጥላ የምታስናፍቅ ናት። ሆኖም በሁለቱም የሚሠራው ፎቅ አንድ ዓይነት ሰማያዊ መስተዋት ይለብሳል፣ በአንዱ ውስጥ ሰው ካፖርት ደርቦ፣ በሌላው ማራገቢያ ከፍቶ ይሠራል። ወፍራም ግድግዳ፣ ወጣ ያለ ክፈፍና በረንዳ ይህን ችግር ያለ ኤሌክትሪክ ይፈቱት ነበር።

ጥገና ሲፈቀድም ባልሆነ ቁሳቁስ ከተሠራ ከማፍረስ አይሻልም። በኖራ የተገነባ ወይም በጭቃ የተመረገ ግድግዳ እርጥበትን ተቀብሎ መልሶ ያስወጣል፤ ላዩ በሲሚንቶ ሲለሰን ግን እርጥበቱ ውስጥ ታምቆ ይቀራል፣ ከጥቂት ክረምት በኋላም ልስኑ ከነግድግዳው ይረግፋል። በጎንደር ነገሥታት ግንቦች ላይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ በሲሚንቶ የተደረገው ጥገና ኋላ በኖራ መታረም ያስፈለገው በዚህ የተነሣ ነው። በክብ አብያተ ክርስቲያኖቻችን ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ የመቅደሱ ሥዕል የተሣለው በጭቃው ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ጨርቅ ላይ በመሆኑ፣ ግድግዳው ውኃ ጠጥቶ ሲያብጥ ሥዕሉም አብሮ ይላቀቃል። ጭቃን በልኩ አቡክቶ የሚመርግ፣ ኖራን አብርዶ የሚያዘጋጅ፣ ሣር በወጉ የሚከድን ባለሙያ በየወረዳው እያነሰ ነው። ግንበኛ ስንቀጥር የምንጠይቀው ብሎኬት መደርደሩን ብቻ ነውና፣ ሙያው ለምን ጠፋ ብለን ማንንም ልንወቅስ አንችልም።

በሌላ በኩል ያለውን እውነት አልክድም። የጎጃም ከተሞች ወደ ጎን በሰፉ ቁጥር የሚበሉት ጤፍና በቆሎ የሚበቅልበትን መሬት ነው፤ ካሳ ተቀብሎ ከመሬቱ የተነሣው ገበሬ ዕጣ ምን እንደሚሆን በየከተማው ዳር ያየን እናውቃለን። ስለዚህ ከተማው ወደ ላይ ማደጉ፣ ሰው ጠጋ ጠጋ ብሎ መኖሩ ትክክል ነው። በአሮጌዎቹ ሰፈሮችም ምስጥ የበላው ማገር፣ ለብዙ ቤተሰብ አንድ መጸዳጃ ቤት፣ የውኃ መስመር የሌለው ግቢ አለ፤ ነዋሪው ለጎብኚ ሲባል በዚህ ኑሮ ይቀጥል የሚል ሰው ራሱ እዚያ የማይኖር ነው። ነገር ግን የአሮጌ ሰፈር ግቢ ብዙ ጊዜ ፊቱ ጠባብ፣ ጓሮው ጥልቅ ነው። የመንገድ ዳሩን ቤት ጠግኖ ለሱቅና ለቡና ቤት እያዋሉ፣ ፎቁን በጓሮው መሥራት ይቻላል፤ የሚከለክለው የመሬቱ ጥበት ሳይሆን ዝቅተኛውን የፎቅ ብዛት ከመንገዱ ፊት ጀምሮ የሚቆጥረው ደንብ ነው። መንገድንም በተመለከተ፣ ዓባይ በረሃን የሚሻገር ሁሉ በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል አሮጌው ድልድይ ሳይፈርስ በጃፓን ድጋፍ የተሠራው አዲሱ ድልድይ ከጎኑ መቆሙን ያያል። በበረሃ የተቻለውን ጥቂት ሜትር ፈቀቅ ማለት በከተማ የምንነፍግበት ምክንያት አይታየኝም።

እዚሁ ጣና ዳር ደግሞ ከማናቸውም ማስተር ፕላን የቆየ ደንብ አለ። ዝጌ በአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን ተጠብቆ በሬ የማይጠመድበት፣ ከብት የማይረባበት ምድር ሆኖ በመኖሩ፣ ጫካውና ከጥላው ሥር ያለው ቡና ከነገዳማቱ እስከ ዘመናችን ደርሷል። ደንቡ ሰዉን ከምድሩ አላስነሣም፤ ኑሮውን ከጫካው ጋር አስማማው እንጂ። የባሕር ዳር ፕላን ራሱስ? በ1950ዎቹ በጀርመን ባለሙያዎች የተነደፈው ፕላን ያወረሰን ሰፋፊ መንገድ እንደ ሕንፃ ሁሉ ሊጠበቅ የሚገባው ነው፤ የመንገዱ ዘንባባና ወደ ሐይቁ የሚከፈተው ዕይታም እንዲሁ። ሐይቁ እየታጠረ ለከፈለ ብቻ ሲታይ ግን ቅርስ ተነካ የሚል ድምፅ ብዙም አልሰማሁም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ፕላኑ ለወደፊት ፎቅ የሚያዝበት ቦታ ላይ ያለ፣ ጸንቶ የቆመ ቤት እስኪለወጥ ድረስ በራሱ ቁሳቁስ የመጠገን ፈቃድ ይሰጠው። የመንገድ መስመር በካርታ ላይ ከመሰመሩ በፊትም በመስመሩ ላይ ያሉት ቤቶች ይለኩ፣ ፎቶ ይነሡ፣ ማን እንደሠራቸውና በምን እንደተሠሩ ይመዝገብ። በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲዎች የሚማሩ ወጣቶች ይህን የአንድ ክረምት የተግባር ሥራ አድርገው ሊይዙት ይችላሉ። የአጎቴን ቤት ለመለካት ግማሽ ቀን ይበቃል፤ በረንዳውን የሠሩትን አናጢ ስምም ያስታውሳሉ፣ እስካሁን የጠየቃቸው ሰው ግን የለም።