ማነው የሠራልህ?

የግቢው ሊሾ ሰምጦበት ግንበኛ የጠራ ሰው ይቺን ጥያቄ ያውቃታል። ባለሙያው ገና በሩን እንዳለፈ ጎንበስ ይላል። ሊሾውን በጫማው ጫፍ ነካ ነካ ያደርጋል። ከዚያ ለቅሶ እንደደረሰ ሰው ራሱን እየነቀነቀ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ማነው የሠራልህ ወንድሜ?" ይላል። መልሱን አይጠብቅም። "ይሄማ ሲሚንቶውን በልቶታል!" ብሎ ይፈርዳል። የከርሞው ግንበኛ ደግሞ በእሱ ይፈርዳል።

ሁሉም የሚስማሙበት መድኃኒት አንድ ነው። ይፍረስ! የሰመጠው አንድ ጥግ ነው ብትል ማን ይሰማሃል? ግማሹን ብቻ እንሥራ የሚል ኮንትራክተር እናቱ አልወለደችውም። (ኮንትራክተር የምለው እንዲያው ለክብሩ ነው። ሜትርና ውሃ ልክ የያዘ ሁሉ ኮንትራክተር ነው።) ቀጥሎ ቀብድ ይመጣል። ቀብድ ከተቀበለ በኋላ ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። አንድ ቀን ሲነሳ "መገናኛ ደርሻለሁ፣ ታክሲ ይዣለሁ" ይላል። ከጀርባው ዶሮ ይጮሃል።

ስለ አፈሩ ግን ማንም ትንፍሽ አይልም። ከቦሌ እስከ አቃቂ ብዙው ሰፈር የተቀመጠው መረሬ በሚባለው ጥቁር አፈር ላይ ነው። መረሬ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል። ላዩ ላይ ያለውን ሊሾም አብሮ ያነሳዋል፣ ይጥለዋል። ጥቁሩን አፈር አውጥቶ፣ ገረጋንቲ ሞልቶ፣ በየ20 ሳንቲሜትሩ ውሃ እያጠጡ መጠቅጠቅ ነበር ደንቡ። መጠቅጠቅ ግን ከተሸፈነ በኋላ አይታይም። የማይታይ ሥራ ደግሞ በእኛ አገር ማን ይሠራል?

በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ግንበኛ መጡ። ማን እንደሠራው አልጠየቁም። ነጭ ቱቦ ውሃ ሞልተው አንዱን ጫፍ ለልጄ አስያዙና ደጃፉ ላይ አቆሙት። ሌላውን ይዘው ወደሰመጠው ጥግ ሄዱ። ውሃው ሲረጋ ከፍታውን በእርሳስ ምልክት አደረጉ። ከዚያ ሊሾውን ትተው ሽቅብ ወደ አሸንዳው አንጋጠጡ።

"ልጄ፣ የጣሪያህ ውሃ ሁሉ እዚቹ ጥግ እኮ ነው የሚወርደው።"

ሒሳቡን ሠራሁት። 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 2,000 ሊትር ይሆናል። አሥር በርሜል ሙሉ! ያንን ሁሉ ያጠጡት መረሬ በበጋ ደርቆ ሲሰምጥ ሲሚንቶ በላ እየተባለ የሚሰደበው ግንበኛ ነው።

ሽማግሌው ጥጉን ብቻ አፍርሰው ቆፈሩ፣ ሞሉ፣ ጠቀጠቁ። አዲሱን ሊሾ በሜትር 2 ሳንቲሜትር ያህል ከቤቱ ወደ ውጭ አዘቀዘቁት። ለሳምንት ውሃ እንዳይለየው አዘዙን። አሸንዳውን በቱቦ ወደ ደጅ ለማውጣት አጥሩን መብሳት ሲጀምሩ ጎረቤታችን ጋሼ በፒጃማ ብቅ አሉ።

"አንተ ልጅ፣ ውሃህን እኔ በር ላይ ልትለቀው ነው?"

"ኧረ ጋሼ፣ ወደ ቦዩ ነው።"

"የቱ ቦይ?"

ቦዩማ ነበር። ጋሼ ለፎቃቸው ያስመጡት አንድ ሲኖትራክ አሸዋ ተከምሮበታል።