እንግዳ ሲመጣ የሚደበቀው ድሪቶ

ባለፈው ታኅሣሥ እናቴ ጋ ደውዬ «እዚህ ክረምት ገባ» አልኳት። «ዝናቡ በረታባችሁ?» አለችኝ። ዕድሜዋን ሙሉ ደብረ ብርሃን ለኖረች ሴት ክረምት ማለት ሐምሌ ነው፤ ጭቃ፣ ጉም፣ አልነድም የሚል እርጥብ እንጨት። ቁሩ የሚመጣው ግን ሰማዩ ከጠራ በኋላ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ፣ ሌሊት ውርጭ ወርዶ ሣሩ ነጭ ሆኖ ሲያድር ነው። እኔ በምኖርበት በሚኒሶታ ደግሞ ክረምቱም ቁሩም አንድ ላይ ይመጣሉ። ጥር ላይ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ የሚወርድበት ሌሊት ብርቅ አይደለም።

«ታዲያ በዚህ ብርድ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ድሪቶ እየደረትኩ ነው» አልኳት።

ዝም አለች። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። ቆይታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ምነው ልጄ፣ ቸገረሽ እንዴ?» አለችኝ።

አልቸገረኝም። ልጆቼ የጠበባቸውን ጂንስ፣ የባለቤቴን ክርኑ የሳሳ ሸሚዝ፣ የድሮ መጋረጃና የተቀደደ አንሶላ ቆራርጬ የምንተኛበት ብርድ ልብስ እየሰፋሁ ነበር። እዚህ አገር ኩዊልት ይሉታል። ለእናቴ በአማርኛ ልንገራት ብዬ ቃል ስፈልግ ከ«ድሪቶ» ሌላ አላገኘሁም። ያ ቃል ነው ያስደነገጣት።

ድሪቶ እራፊ በእራፊ ላይ እየተደረተ የሚሠራ ልብስ ወይም መኝታ ነው። ዛሬ ግን ከዕቃነቱ ይልቅ በስድብነቱ ነው የምናውቀው። «ድሪቷም» የተባለ ልጅ እያለቀሰ ቤቱ ይገባል። ከዚህም ከዚያም ተለቃቅሞ የተጻፈ ጽሑፍ እንኳ ሲናቅ «ድሪቶ» ይባላል። ክብር ሲያገኝ ያየሁት ባሕታዊ ትከሻ ላይ ብቻ ነው፤ እዚያ ዓለምን የመናቅ ምልክት ይሆናል። እናት ለልጆቿ ስትሰፋው ግን የማጣት ምልክት ነው፣ ይደበቃል።

የቤታችን ድሪቶ ሲሰፋ አስታውሳለሁ። ከላይ የአባቴ የካኪ ኮት ጀርባ፣ የወንድሜ ዩኒፎርም፣ የእናቴ ያለቀ ቀሚስ። መሐሉ ተበሳስቶ ለሰው ፊት የማይሆን ጋቢ። ከሥሩ የዱቄት ከረጢት፣ ያ ነጩና ጠንካራው የእርዳታ ዱቄት የሚመጣበት ጨርቅ። ጽሑፉ እንዳይታይ ወደ ውስጥ ገልብጣ ነው የሰፋችው። መርፌው ጆንያ የሚሰፋበት፣ ክሩ ራሷ በእንዝርት የፈተለችው። ከራት በኋላ በኩራዝ ብርሃን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ስትሰፋ ዐይኗን እየጨፈነች እየገለጠች ነበር፤ ጭሱ ያስለቅሳታል። ሦስታችን ከሥሩ እንተኛለን። ከባድ ነበር፣ ደረት ላይ የሚጫን ዓይነት፣ ያ ክብደቱ ራሱ እንቅልፍ ያመጣል።

ደብረ ብርሃን በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ የታወቀች ከተማ ናት። ከዚያ ፋብሪካ የወጣ አንድ ብርድ ልብስ እኛም ቤት ነበር፤ የሚኖረው ግን ሳጥን ውስጥ ነው። በር ሲንኳኳ እናቴ መጀመሪያ የምትሠራው ሥራ ድሪቶውን ጠቅልላ አልጋ ሥር መክተት፣ ከዚያ ሳጥኑን ከፍታ ብርድ ልብሱን አልጋው ላይ ማንጠፍ ነበር። እንግዳው ሲሄድ ብርድ ልብሱ ታጥፎ ይመለሳል። እኛም የማናድርበትን ብርድ ልብስ አልጋችን ላይ እያየን፣ የምናድርበትን እንዳናሳይ እየተጠነቀቅን አደግን።

አሜሪካ መጥቼ ከኩዊልት ጋር የተዋወቅሁት ሰፈራችን ባለ አንድ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ ነው። ብዙዎቹ 70 ዓመትን የተሻገሩ እናቶች በየሳምንቱ ይሰበሰባሉ። ረጅም ጠረጴዛ ላይ የቆየ አንሶላ፣ መጋረጃ፣ የሸሚዝ ቁራጭ ተከምሯል። አንድ እናት ይቆርጣሉ፣ አንድ እናት ይተኩሳሉ፣ ሁለቱ የስፌት መኪና ላይ ናቸው። የሚሠሩት ሉተራን ወርልድ ሪሊፍ በሚባለው ድርጅት በኩል በየአገሩ ለተፈናቀሉ ሰዎች የሚላክ ብርድ ልብስ ነው፤ መጠኑ አንድ ሜትር ተኩል በሁለት ሜትር ገደማ። መሐሉ ላይ የሚገባው ብዙ ጊዜ ያለቀ ብርድ ልብስ ነው። ይህን ሳይ ቆሜ ቀረሁ። ከላይ እራፊ፣ መሐሉ ያለቀ፣ ከታች ሰፊ ጨርቅ። የእናቴ ሥራ ነው፣ አንድም የጎደለው የለም። ልዩነቱ አንድ ነበር፦ ያለቀለትን ኩዊልት ሁለት ሆነው ከጫፍና ከጫፍ ይዘው ከፍ አድርገው ለሁሉም ያሳያሉ፣ ሌሎቹ ያጨበጭባሉ።

እኔንም ያስለመዱኝ እነሱ ናቸው። መጀመሪያ ጨርቁን ሁሉ ማጠብ፣ ምክንያቱም በኋላ የሚኮማተር ቁራጭ ጎረቤቱን ይዞ ይሸበሸባል። የሚለጠጠውን እንደ ካናቴራ ያለውን ከማይለጠጠው ጋር አለመቀላቀል። ጂንስ ካለ የመኪናውን መርፌ በቁጥር 16 መለወጥ፣ ቀጭኑ ይሰበራል። የሱፍ ሹራብ በሙቅ ውኃ ከታጠበ ተጠባብቆ እንደ በርኖስ ይወፍራል፣ ሲቆረጥም ክሩ አይተረተርም፤ ለመሐል የሚሆን እሱ ነው። ከዚያ ሦስቱን ንብብር አንድ ላይ ማያያዝ። የሚያሞቀው ጨርቁ ብቻ አይደለም፤ በንብብሮቹ መካከል ታስሮ የሚቀረው አየር ነው። ጋቢ አራት ድርብ ሆኖ የሚያሞቀንም በዚሁ ምክንያት ነው። ካልተያያዘ ግን የመሐሉ ተንሸራቶ ከታች ይጠራቀምና ትከሻ ባዶውን ይቀራል። በመኪና መጥለፍ ያላመቸው ሰው ከስንዝር ባነሰ ርቀት ወፍራም ክር እያሳለፈ ቋጠሮ ያስራል። እኔ የመረጥኩት ቋጠሮውን ነው፤ ለምን እንደመረጥኩት ያኔ አላሰብኩበትም።

ሥራውን ስወደው ታሪኩን መጠየቅ ጀመርኩ። አላባማ ውስጥ ወንዙ ዞሮ በከበበው መሬት ላይ ጊስ ቤንድ የሚባል መንደር አለ። የሚኖሩበት በባርነት እርሻ ላይ የሠሩ ጥቁሮች ዘሮች ናቸው፤ ብዙዎቹ እስከ ዛሬ የሚጠሩበት ፔትዌይ የሚለው ስም እንኳ የባሪያ አሳዳሪው ስም ነው። ሴቶቹ ከእርሻ ሲመለሱ ያለቀ የሥራ ሱሪ፣ ጆንያና ቁርጥራጭ እያገጣጠሙ ኩዊልት ይሰፉ ነበር፤ ቤታቸው ነፋስ ያስገባል፣ ልጆቻቸው ይበርዳቸዋል፣ ሌላ ምክንያት አልነበራቸውም። ሚዙሪ ፔትዌይ የምትባል ሴት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1942 ባሏ ሲሞትባት የሥራ ልብሱን ሁሉ ቀዳ አንድ ኩዊልት ሰፋች፤ እሱን እያስታወሰች ከሥሩ ልትተኛ። ጉልበቱ ላይ የሳሳው፣ በፀሐይ የነጣው ሁሉ እንዳለ ይታያል። የዚህ መንደር ሥራዎች በ2002 በሂዩስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ቀጥሎም በኒው ዮርኩ ዊትኒ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቀሉ። በ2006 የአሜሪካ ፖስታ ቤት 10 ያህሉን በቴምብር አወጣቸው። በእያንዳንዱ ሥራ ሥር የሠራችው ሴት ስም ተጽፏል።

እዚህ ላይ አሜሪካን ብቻ አመስግኜ ማለፍ አልፈልግም። እነዚሁ ሴቶች በ1960ዎቹ የመምረጥ መብት ሲጠይቁ፣ ወንዙን ተሻግረው ወደ ወረዳው ከተማ የሚሄዱበት ጀልባ ተቋርጦባቸው ነበር። የተቋረጠው በ1962 ነው፤ የተመለሰው በ2006፣ ቴምብሩ በወጣበት ዓመት። ክብሩ የመጣው አብዛኞቹ ካረጁ፣ ብዙዎቹም ካለፉ በኋላ ነው። ቢሆንም መጣ። ሰው ተነሥቶ «ይህን ያደረገችው ማን ናት?» ብሎ ጠየቀ፣ መልሱንም ጻፈ።

እኛ ጋ የጨርቅ ሥራ አይከበርም ማለቴ አይደለም። የሸማኔውን ጥበብ፣ የጥልፉን፣ የመንዝን የሱፍ ባና እናውቃለን፤ ለሙሽራ እንለብሰዋለን፣ ለውጭ እንግዳ እንሸልመዋለን። እነዚህ ግን ሁሉም ከአዲስ ፈትል የሚጀምሩ ናቸው። ካለቀ ነገር የሚጀምረውን ሥራ እጅ ሥራ ብለን ጠርተነው አናውቅም። ልዋጭ በየመንደሩ እየዞረ አሮጌ ልብስ በሳህን ሲለውጥ፣ የልብስ ሰፊው ቁርጥራጭ ትራስ ሲሞላ፣ የጨርቅ ኳስ ሲሆን፣ አንድም ነገር ሳይጣል ይኖራል። ያን ሁሉ ብልሃት ግን «ድህነት» በሚል አንድ ቃል ጠቅልለን አልጋ ሥር ከተትነው። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ የአሜሪካ ዱቄት ፋብሪካዎች ሴቶች ከረጢቱን ቀደው ልብስና ኩዊልት እንደሚሰፉበት ሲያውቁ ከረጢቱ ላይ አበባ ማተም ጀመሩ። የእናቴ ከረጢት ላይ አበባ አልነበረም። ጽሑፉን ወደ ውስጥ ገልብጣ፣ ነጩን ወደ ውጭ ያወጣችው እሷ ናት።

በእርግጥ የእኔና የእሷ ሥራ እኩል አይደለም። እኔ ማሞቂያ ባለበት ቤት፣ ሲደክመኝ እየተውኩ፣ ስፈልግ እየቀጠልኩ ነው የምሰፋው። እዚህ አዲስ ጨርቅ ገዝተው፣ ቆራርጠው፣ መልሰው የሚገጣጥሙ ብዙ ሰዎች አሉ፤ እጃቸው የሚደነቅ ነው። እሷ ግን ካልሰፋች ልጆቿ ይበርዳቸዋል። ማንም ወደዚያ ይመለስ አልልም፤ ዛሬ ቤቷ ከገበያ የተገዛ ለስላሳ ብርድ ልብስ አለ፣ እሰየው። ያናደደኝ ሌላ ነው፤ ያን ሁሉ ሌሊት ሰፍታ ከጨረሰች በኋላ ማፈር ደግሞ ተጨመረባት።

ይህን በስልክ ላስረዳት ሞከርኩ። ስለ ሙዚየሙ ስነግራት አላመነችኝም። በቪዲዮ ደውዬ የጀመርኩትን አሳየኋት። «ገልብጪው እስቲ» አለች። ጀርባውን አሳየኋት። ቋጠሮዎቹን ዝም ብላ ካየች በኋላ «ሁለት ጊዜ ነው የምትቋጥሪው? ይፈታብሻል። ሦስተኛውን በግራ በኩል አምጪው» አለችኝ። የድሮ ድሪቷችን ላይ ቋጠሮ መኖሩን ያኔ ነው ያስታወስኩት፤ በልጅነቴ ሲያንቀላፋኝ በጣቴ የማሻሸው እሱ ነበር።

የት እንዳለ ጠየቅኋት። ፍራሹ ሥር ነው፣ ከብረቱ እንዲከላከል። ላኪልኝ ብላት እምቢ አለች። «ለመንገደኛ እንዴት አድርጌ ድሪቶ እሰጣለሁ? ሰው ምን ይለኛል?» ሁለት ወር ለመንኳት።

መጋቢት ላይ አንድ የሚያውቁን ሰው ዕቃ አመጡልኝ። «እናትሽ ጋቢ ልካልሻለች» አሉኝ። አዲስ ጋቢ ነው፣ በሥርዓቱ ተጠቅልሎ ዙሪያውን የተሰፋ። ስፌቱን ተርትሬ ስከፍተው ድሪቶው ከውስጥ ወጣ። ታጥቦ፣ በፀሐይ ደርቆ፣ ትንሽ የጭስ ሽታ ቀርቶበታል። ይዘው የመጡት ሰው ምን እንደተሸከሙ እስከ ዛሬ አያውቁም።

ሶፋው ላይ ዘረጋሁት። የ9 ዓመቷ ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመጣ አይታው ቦርሳዋን ሳታወርድ መቁጠር ጀመረች። 43 ቁራጭ ነው። ከቤተ ክርስቲያን እናቶች የለመደችው ነገር አለ፤ እነሱ ኩዊልት ሲጨርሱ ጀርባው ላይ ስምና ዓመት የተጻፈበት ትንሽ ጨርቅ ይሰፋሉ። ወረቀት አምጥታ ለእያንዳንዱ ቁራጭ ቁጥር ሰጠች፣ «ይኼ የማን ነው? ይኼስ?» እያለች። የአባቴን ካኪ አወቅሁት። ቀለም የፈሰሰበትን የወንድሜን እጅጌ አወቅሁት። አበባ ያለበት ቀሚስ የእናቴ ይሁን የአክስቴ ተጠራጠርኩ። 7 ብቻ ነው የለየሁት። የቀሩትን 36 በቀይ ከበበቻቸው፤ እሑድ ስንደውል አያቷን አንድ በአንድ ልትጠይቃት ወረቀቱን ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፋዋለች።