ለካህኑ ተናገርን፤ ለባለ ገንዘቡስ?

በጅማ የቡና ለቀማ ሲደርስ ከማናና ከጎማ ወረዳዎች ገበሬው ምርቱን ይዞ ይወጣል። ሚዛን የሚያጎድል ነጋዴ ከገጠመው ግን የዓመት ልፋቱ ተሸርፎ ይመለሳል። ያ ነጋዴ ክርስቲያን ነው እንበል። ጾም ሲገባ ንስሐ አባቱ ዘንድ ቀርቦ ይናዘዛል፤ ቀኖናውን በጾምና በስግደት ይፈጽማል፤ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ተብሎ ሥጋ ወደሙን ይቀበላል። የገበሬው ገንዘብ ግን አሁንም በነጋዴው ኪስ ነው።

እንዲህ ያለው ንስሐ አልተፈጸመም ባይ ነኝ።

እኛ ግን ለማን እንናዘዝ በሚለው ስንከራከር ኖረናል። ኦርቶዶክሱ ለካህን ነው ብሎ ዮሐንስ 20፥23ን፣ ጴንጤው በቀጥታ ለእግዚአብሔር ነው ብሎ አንደኛ ዮሐንስ 1፥9ን ይጠቅሳል። ካቶሊኮች በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ መናዘዝን በላተራን ጉባኤ በ1215 ደንግገዋል፤ ሉተራውያንም በ1530 የአውግስበርግ የእምነት መግለጫቸው ለካህን በግል መናዘዝን አልሻሩም። ክርክሩ ቁም ነገር አለው። ዘኍልቍ 5፥7 ግን ለሁላችንም የተጻፈ ነው፦ በዳዩ ይናዘዝ፤ የወሰደውን ይመልስ፤ አምስተኛ እጅም ይጨምርበት። ቀራጩ ዘኬዎስ ደግሞ ማንም ሳያስገድደው አራት እጥፍ ልመልስ አለ፤ ጌታም መዳን ለዚህ ቤት ሆነ ያለው ይህን ከሰማ በኋላ ነው።

ምሕረት በገንዘብ አይገዛም የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው፤ አይገዛም። የተሰረቀው ሃያ ኪሎ ቡና ግን ትናንትም ዛሬም የገበሬው ነው።

በእኛ በጅማ ጉዳዩን የሚያከብደው ሌላም ነገር አለ። የተበደለው ገበሬ አብዛኛውን ጊዜ ሙስሊም ነው። ከቤተ ክርስቲያናችን ደጅ አይቆምም፤ ንስሐ አባታችንን አያውቃቸውም፤ ስለ እሱ የሚጠይቅለት ሰው በመካከላችን የለም። ስለዚህ መጠየቅ ያለባቸው ካህኑና ፓስተሩ ናቸው። «መልስ» ብለው የሚያዙ አስተዋይ አባቶች አሉ፤ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጣቸው። ሁሉም እንዲህ ቢያደርጉ ምንኛ መልካም ነበር!

ምስጢር ይወጣል ብሎ የሚሰጋ በታመነ ሰው እጅ ይላክ፤ ስሙ መጠራት የለበትም። ባለ ገንዘቡ ሞቶ ከሆነ ልጆቹ አሉ። ዘመድም ከጠፋ ያው ዘኍልቍ ቀጥሎ ለካህኑ ይሰጥ ይላል፤ ከዚያ ለድሃ ሊደርስ ይችላል። በመጪው ጾም አባቶች ስግደቱን ከመቍጠራቸው በፊት «የማን ነበር? አሁን የት ይገኛል?» ብለው እንዲጠይቁን እለምናለሁ።