ቤት ለእንግዳ፣ ድስት ለዓሣ

የሰሜን ሸዋ ሰው እንግዳ ተቀባይነት ብዙ ተወድሷል፤ ነገር ግን እስከ ዛሬ የተነገረው ሁሉ በሁለት እግሩ ስለሚመጣው እንግዳ ብቻ በመሆኑ፣ በክንፉ እየቀዘፈ በጀማና በወንጪት ወንዞች፣ ከዚያም በየትናንሹ ገባር ሽቅብ ለሚወጣው እንግዳ የምናደርገው አቀባበል ሳይወደስ ቀርቷል። ይህን ጉድለት አቅሜ በፈቀደ መጠን ለመሙላት ተነሥቻለሁ።

እንግዳው ነጭ ዓሣ ነው። ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላ፣ ሆዷ በእንቁላል የከበደ እናት ዓሣ ደለል የበዛበትን ዋናውን ወንዝ ትታ፣ ጠጠር የተነጠፈበት ፈጠንና ጠራ ያለ ገባር ፍለጋ ትወጣለች፤ እንቁላሏ አየር የሚያገኘው በጠጠሩ መካከል ንጹሕ ውሃ ሲያልፍለት ነውና። ነፍሰ ጡር፣ የጎርፍ መንገደኛ፣ ያውም ስንቅ ያልያዘች! እንዲህ ያለች እንግዳ ከደጅ ስትደርስ በየትኛውም የሸዋ ቤት አባወራው «ኖር!» ብሎ ከመደቡ ይነሣል። እኛም ለዓሣዋ እንነሣለን፤ መረባችንን ይዘን። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ለማለት ብቻ አልታደልንም፤ ሁልጊዜ ከመገላገሏ ድስቱ ይቀድማል።

ይህን ወግ ያላወቁ ሕዝቦች ያሳዝኑኛል። የስኮትላንድ ሰዎች ቡናማ ትራውት የሚሉት ዓሣ አላቸው፤ እርሱም በእነርሱ የመጸው ወራት ጠጠር በጅራቱ እየጫረ እንቁላሉን የሚቀብር ነው። መስከረም 26 ሲያልፍ ታዲያ ዘንጋቸውን ይሰቅሉና እስከ መጋቢት 6 አያወርዱትም፤ 159 ቀን መሆኑ ነው። እኛ ሁዳዴን 55 ቀን ጾመን ፋሲካ እስኪደርስ ዐይናችን ይፈዛል፤ እነርሱ አንዲት ዓሣ በሰላም ትውለድ ብለው ይህን ሁሉ ቀን ይታገሣሉ። በአሜሪካ የፔንሲልቬንያ ክፍለ ግዛት ደግሞ ነገሩ ከዚህም ይረቅቃል። አጥማጁ በመደበኛው ወቅት በቀን 5 ትራውት ይፈቀድለታል፤ እርሱም ቢሆን ከ7 ኢንች፣ ማለትም ከስንዝር ጎደል ካለ ልክ ያነሰውን አይወስድም። ወቅቱ ሲያልፍ፣ ከማራቢያ የመጣ ዓሣ በሚለቀቅባቸው ውሃዎች ልኩ ወደ 3 ይወርዳል፤ ወንዙ ራሱ ወልዶ ያሳደገው ትራውት ባለበት ውሃ ግን የያዘውን ሁሉ እዚያው መልሶ ይለቃል። አንድ ጤነኛ ጎልማሳ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ቆሞ ግማሽ ቀን ሲደክም ይውልና፣ በመጨረሻ የያዘውን ምሳ በገዛ እጁ ወደ ወንዝ ይመልሳል። በእኛ አገር እንዲህ ያደረገ ሰው ቢኖር ዘመዶቹ ወይ ጠበል ይወስዱት ነበር፣ ወይ ሽማግሌ ይልኩበት ነበር።

ደግሞም በስንዝር እየለኩ ይህ ይወሰድ፣ ያ ይመለስ ማለት ማዳላት ነው። እኛ አናዳላም። የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ በተቋጠረ ውሃ ውስጥ ሲበተን፣ በፍሬው ያለው ሮቴኖን የተባለ መርዝ የዓሣው አካል የተነፈሰውን አየር እንዳይጠቀምበት ያደርገዋል፤ እናትም አባትም፣ ትናንት የተፈለፈለው ጫጩትም ማዕረግ ሳይለያቸው አብረው ይንሳፈፋሉ። ከዚያ መካከል ትልልቆቹ ተለቅመው የቀሩት ለአሞራ ይተዋሉ፤ አሞራም ጎረቤት ነው።

ሕግ የላቸውም ብሎ የሚያማን ካለ ደግሞ ይታረም። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ስሙ እንደሚናገረው አዋጁ ሁለት ጉዳይ አለው፤ አንዱ ልማት ሲሆን ሌላው አጠቃቀም ነው። እኛ ሥራ ስንከፋፈል ልማቱን ለልጆቻችን ትተን አጠቃቀሙን ራሳችን ወስደናል። ወረቀቱንም ቢሆን አልናቅነውም፤ እንደ ክት ልብስ አጣጥፈን በሳጥን አስቀምጠነዋል። ክት ለብሶ ወንዝ ዳር ጭቃ ውስጥ የሚገባ ደግሞ የለም።

እኛን እንቅልፍ የሚነሣን ሌላ ሕግ ነው፤ ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም? ነጭ ዓሣ ወደ ገባሩ የሚወጣበት ጊዜ ከፍልሰታ ጋር ስለሚገጥም ክርክሩ በየዓመቱ በነሐሴ ይታደሳል። አንዱ ደም አለው ይላል፣ ሌላው ከውሃ የወጣ ነው ይላል፣ ሦስተኛው ሁለቱ እስኪስማሙ ሥጋውን ጨርሶ አጥንቱን ይለቅማል። በዚህ ሁሉ ክርክር ውስጥ በድስቱ ስላለው እንቁላል የጠየቀ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። እንቁላል በጾም እንደማይበላ የአምስት ዓመት ልጅ እንኳ ያውቃል፤ የነጭ ዓሣ እንቁላል ግን የምትጮኽለት ዶሮ ስለሌለችው ይመስለኛል፣ ከሽንኩርቱ ጋር አብሮ ይቁላላል። እኔ በበኩሌ ጥያቄውን ለንስሐ አባቴ ለማቅረብ አስቤ፣ መልሱ እንዳይጎዳኝ ስለፈራሁ ትቼዋለሁ።

ይህ መስተንግዶ በጀማ ተፋሰስ ብቻ የተወሰነ እንዳይመስላችሁ። ጣናም ከእኛ አይተናነስም። ነጭ ዓሣው ለመውለድ በወንዞቹ አፍ ሲሰበሰብ መረብ ይጠብቀው እንደነበር የጻፉ ተመራማሪዎች፣ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ የትልልቆቹ ብዛት በ75 በመቶ፣ የጫጩቶቹ ደግሞ በ90 በመቶ እንደቀነሰ ለክተዋል። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል የሚባለው ለእነዚህ ሰዎች ነው። መቁጠር ባይጀምሩ ኖሮ ጣና እንደ ሞላ ነበር።

እኔም ብሆን ከዳር ቆሜ የማመሰግን ብቻ አይደለሁም። አምና በክረምት ከለሚ ወደ ዓለም ከተማ ስወርድ፣ መኪናችን ጀማን ከተሻገረ በኋላ አቀበቱን ሳይጀምር ቆሞ ነበርና፣ ዓሣ በልጥ ሰክቶ የያዘ አንድ ልጅ መስኮቴ ሥር መጣ።

«ጋሼ፣ እንቁላል ያላትን ልስጥዎት? ትከብዳለች።»

ሁለት ገዛሁ፤ ሁለቱም ሆዳቸው እንደ ከበሮ የተወጠረ ነበር። በረከት በሁለት እጥፍ አገኘሁ ብዬ እስከ ዓለም ከተማ ድረስ ደስ እያለኝ ሄድሁ።

ዘንድሮም በዚያው ቦታ፣ በዚያው ወራት ያንኑ ልጅ አገኘሁት። ቁመቱ ጨምሯል። በልጡ ላይ የተሰኩት ዓሦች ግን ከጣቴ የሚረዝሙ አልነበሩም፤ ቢቆጠሩም ከሰባት አያልፉም።

«ትልልቆቹን የት አደረግሃቸው?» አልሁት።

«ዘንድሮ አልመጡም፣ ጋሼ።»

«አምናስ?»

«አምና መጥተው ነበር።»