ሮዝ እድፍ

ደብዳቤው ሐሙስ ዕለት በፖስታ መጣ። የምንኖርበትን ሠፈር የሚያስተዳድረው የቤት ባለቤቶች ማኅበር የላከው ነው። በውስጡ አንድ ገጽ ጽሑፍና አንድ ፎቶግራፍ አለ። ፎቶግራፉ መኪናዬን የማቆምበትን ቦታ ያሳያል፤ አስፋልቱ ላይ መዳፍ የሚያህል ሮዝ እድፍ አለ። እድፉ በ14 ቀን ውስጥ ካልጸዳ ቅጣት እንደሚከተል በታላቅ ትሕትና ተገልጾልኛል።

የምኖረው ቨርጂኒያ ውስጥ ዉድብሪጅ ነው። ባደግኩበት አራት ኪሎ እንዲህ ያለውን ወሬ ፖስታ አያደርሰውም ነበር። የሰው መኪና ጠብ ጠብ ማለት ሲጀምር መጀመሪያ የሚያየው ሱቅ የተላከ ልጅ ነው። ከልጁ ባለሱቁ ይሰማል፣ ከባለሱቁ ዘበኛው፤ ማታ ሰውየው ከሥራ ሲመለስ ስለ መኪናው በሽታ የማያውቅ እሱ ብቻ ሆኖ ያገኘዋል። እዚህ ግን ጎረቤቴ አይቶ፣ ፎቶ አንስቶ፣ ለማኅበሩ ልኮ፣ በማግሥቱ በፈገግታ «እንዴት አደርክ» ብሎኝ አልፏል። የትኛው ጎረቤት እንደሆነ እስካሁን አላወቅኩም፤ ስለዚህ ሁሉንም እጠረጥራለሁ።

በእርግጥ መኪናዋ ከደብዳቤው በፊት ምልክት ሰጥታኝ ነበር። በፈረንጅ አቆጣጠር የ2009 ቶዮታ ኮሮላ ናት። ማሞቂያውን ስከፍት ጣፋጭ፣ የተቃጠለ ሽሮፕ የሚመስል ሽታ ይመጣል። ኮፈኑን ከፍቼ በባትሪ ሳበራ ነገሩ ግልጽ ሆነ፦ ጥቁሩ የራዲያተሩ ጎን ከአሉሚኒየሙ ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ ሮዝ ቅርፊት ጋግሯል። የዛሬ ራዲያተር መሐሉ አሉሚኒየም ነው፤ ሁለቱ ጎኖቹ ፕላስቲክ ናቸው፤ በመካከላቸው ቀጭን ጎማ ገብቶ የአሉሚኒየሙ ጥርስ ፕላስቲኩን ነክሶ ይይዘዋል። በየቀኑ መጋልና መቀዝቀዝ ፕላስቲኩን ያደርቀዋል፣ ጎማውንም ያሟሽሸዋል። ከዚያ በኋላ መንጠባጠብ ነው።

ጋራዥ ወሰድኳት። ልጁ ኮምፒውተሩ ላይ ጥቂት ከነካካ በኋላ 780 ዶላር አለኝ። ዕቃው ብቻውን መደብር ውስጥ 150 ዶላር ገደማ ነው። ቀሪው የእጅ ነው። በሰዓት የሚያስከፍሉትን ሳሰላው፣ እኔ ዲግሪ ይዤ ሒሳብ ስደምር ከምውለው በብዙ ይበልጣል። የሰዓቱ ሒሳብ ሁሉ የመካኒኩ ኪስ እንደማይገባ አውቃለሁ፤ ኪራዩና መድኑ አለበት። ቢሆንም እንደ ሒሳብ ሠራተኛ ቅር አለኝ፣ እንደ አራት ኪሎ ልጅ ደግሞ ተገረምኩ። አገር ቤት ነገሩ ተገልብጦ ነው ያለው፤ የሰው እጅ ርካሽ ነው፣ ዕቃው ነው ሰማይ የነካው። በተለይ የ2012ቱ የኤክሳይዝ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ግብር ከጣለ ወዲህ፣ ያለችውን መኪና ጠጋግኖ ማቆየት የግድ ሆኗል። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ይጠገናል፣ ዉድብሪጅ ላይ ይቀየራል። እኔም ልቀይር ወሰንኩ፤ በራሴ እጅ።

መለዋወጫ መደብሩ ሌላ ዓለም ነው። ሶማሌ ተራ ዕቃ ስትፈልግ አሮጌውን በእጅህ ይዘህ ትሄዳለህ፤ ሻጩ ገልበጥ አድርጎ ያየዋል፣ በጣቱ ይለካዋል፣ ልጅ ይልካል፣ ልጁ ከየት እንዳመጣው የማይጠየቅ ዕቃ ይዞ ይመለሳል። (የራሱን መኪና መስታወት እዚያው ገዝቶ የተመለሰ ሰው ቀልድ የማያውቅ አዲስ አበቤ የለም።) እዚህ የሚጠይቁህ ዓመቱን፣ ሞዴሉንና የሞተሩን መጠን ነው። መሣሪያ ከሌለህ ያውሱሃል፤ መያዣ ታስይዛለህ፣ ስትመልስ ገንዘብህን ትወስዳለህ። እውነቱን ለመናገር ይህን ሳይ ቀናሁ። አገር ቤት መፍቻ ለማያውቁት ሰው ማዋስ ማለት መፍቻውን መሰናበት ነው።

ችግሩ የመጣው በቋንቋ በኩል ነው። እንግሊዝኛዬ ለመሥሪያ ቤት ይበቃል፤ ለመኪና ግን የማውቀው ቃል ሁሉ የአጎቴ ነው። አጎቴ ሰማያዊ ላዳ ታክሲ ነጂ ነበር፣ በትምህርት ቤት ዕረፍት ረዳቱ እኔ ነበርኩ። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ክሪክ፣ ፋሸታ፣ ቡሎን፣ ጓርኒሲዮን፣ ቴስታታ። ልጅ ሳለሁ እነዚህ ሁሉ የእንግሊዝኛ ቃላት ይመስሉኝ ነበር። የመደብሩን ሠራተኛ ፊት ለፊት ቆሜ የቱቦ ማጥበቂያውን ስም ባጣው፣ ከአፌ የወጣው «ፋሸታ» ነበር። ከኋላዬ ወረፋ የያዘ አንድ ሸበቶ ሰው ሳቀና በደንብ በሚሰማ ጣልያንኛ መለሰልኝ። አያቱ ከኔፕልስ የመጡ ናቸው። ጣልያን አምስት ዓመት ቆይቶ ሄደ፤ ጋራዡን ግን በቃላቱ እንደያዘው ቀርቷል።

ቅዳሜ ጠዋት ጀመርኩ። ዩቲዩብ ላይ ሰውየው በ20 ደቂቃ የጨረሰው ሥራ እኔን አምስት ሰዓት ወሰደብኝ፤ ግማሹ የወደቀ ቡሎን ፍለጋ ነው። ሞተሩ ሌሊቱን አድሮ በርዷል። በዚህ ነገር ቀልድ አላውቅም፤ አጎቴ ከአባይ በረሃ ወደ ጎሐ ጽዮን ሲወጣ ላዳዋ ፈልታበት፣ የራዲያተሩን ክዳን በጨርቅ ይዞ ሲከፍት ክንዱ ተልጧል። ጠባሳው እስከ ዕለተ ሞቱ አብሮት ነበር።

ክዳኑን ሰው ይንቀዋል። ክዳን መስሎ ይታይ እንጂ በውስጡ ስፕሪንግ ያለው ቫልቭ ነው፤ ሥራው ውሃውን በግፊት አፍኖ መያዝ ነው። ግፊት ሲጨምር የመፍላት ነጥብ ከፍ ይላል። ባሕር ጠለል ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ አዲስ አበባ ከፍታዋ 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ጤነኛ ሞተር ደግሞ የሚሠራው በ90 አካባቢ ነው። እንግዲህ ዉድብሪጅ ላይ ክዳኑ ቢደክም ጥቂት ትርፍ አለህ፤ አዲስ አበባ ላይ ትርፍ የለህም፣ እንጦጦን ሳታጋምስ እንፋሎቱ ይቀበልሃል። አጎቴና ጓደኞቹ ይህን ሁሉ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን በሚያግደው በር፣ በቴርሞስታት ያሳብቡ ነበር። አውጥተው ይጥሉታል፣ መኪናዋ በሚገባ ሳትሞቅ ትኖራለች፣ ቤንዚን ትጠጣለች፤ የአሥር ብሩ ክዳን ግን ሳይቀየር ይቀራል።

የታችኛውን ቡሎን ፈትቼ ሮዙን ፈሳሽ ሳፋ ላይ አወረድኩት። የላይኛውንና የታችኛውን ጎማ ቱቦ ነቀልኩ። ኦቶማቲክ ማርሽ ያላት መኪና ሌላ ጣጣ አላት፤ የማርሹ ዘይትም በራዲያተሩ በኩል አልፎ ስለሚቀዘቅዝ፣ ቀይ ዘይት የሚያመላልሱ ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ። ይህን የረሳ ሰው ቀይ ዘይት ክንዱ ላይ ሲወርድ ያስታውሳል። እኔ ክንዴ ላይ ሲወርድ አስታወስኩ።

በዚህ መሐል ውሻዋን የምታናፍስ ጎረቤቴ ወደ እኔ ስትመጣ አየሁ። በሆዴ «ደብዳቤ ጸሐፊዋ ተገኘች» አልኩ። ለግቢ ውስጥ ጥገና ደንቡ ምን እንደሚል በደንብ አላነበብኩም ነበርና መከላከያ ንግግር ማዘጋጀት ጀመርኩ። ሴትዮዋ ግን የውሻዋን ማሰሪያ ሳብ አድርጋ፣ ሳፋውን እንድከድነው ለመነችኝ። ኩላንት፣ ሮዙ የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ ጣፋጭ ነው፣ ውሻ ይልሰዋል፣ ኩላሊቱን ይገድለዋል፤ ከዚህ በፊት የነበራት ውሻ የሞተው በዚሁ ነው። ከደንኩት። ያን ጊዜ የታየኝ የአጎቴ ሠፈር ነው። እኛ ውሃ ብቻ ነበር የምንሞላው፤ በረዶ ስለሌለ የሚያስገድደን አልነበረም። ውሃው ውስጡን ያዝገዋል፣ ደለል ይሠራል፤ መሬት ላይ ሲፈስ ግን ማንንም አይገድልም። አሁን ግን አዲስ አበባም ኩላንት በየሱቁ ይሸጣል። አሮጌው የት እንደሚደፋ ወንድሜን ጠየቅኩት፤ ጥያቄው አልገባውም። እዚህ አውራጃው የሚቀበልበት ቦታ አለው፣ በጄሪካን አድርጌ ወሰድኩት፣ ምንም አላስከፈሉኝም።

አዲሱ ራዲያተር ገባ። 50 በ50 ተደባልቆ የተዘጋጀውን ኩላንት ሞላሁ፤ ይህ ድብልቅ ከዜሮ በታች እስከ 37 ዲግሪ ድረስ አይረጋም። ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፍቼ ሞተሩን አስነሳሁና አየሩ እስኪወጣ ጠበቅኩ። አረፋው ጉብ ጉብ እያለ ይወጣል፣ ፈሳሹ ዝቅ ይላል፣ እጨምራለሁ፣ ደግሞ ይወጣል። ቴርሞስታቱ ሲከፈትና ቱቦው ከእጄ ሥር ሲግል የተሰማኝን ደስታ ለሰው ማስረዳት ይከብዳል።

ደስታውን ለእናቴ ላስረዳ ሞከርኩ። በቪዲዮ ደወልኩ። እስከ ክርኔ ጥቁር ሆኜ አየችኝና ፊቷ ተለወጠ። «ምነው ልጄ፣ ከሥራ አስወጡህ እንዴ?» አለች። አይ፣ መኪናዬን ሠርቼ ነው። «አሜሪካ መካኒክ የለም?» መካኒኩስ አለ፤ ውድ ነው። ዝም ብላ ቆይታ፣ «ለጎረቤት እንዳትነግር» አለችኝ። ስቄ ዘጋሁት እንጂ ነገሩ ከንክኖኛል። አገር ቤት ባለመኪና ሰው የራሱን ኮፈን ከፍቶ ሲጎነበስ የቸገረው ይመስላል። ምኒልክ ባለእጅን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል አዲስ አበባ ያስገባውም በዚያው በ1900 ነው። መኪናውን ለምደነዋል።

ኩራቴ ግን ማታ ላይ በረደ። የሠራሁት ሥራ ምንድን ነው? ሳጥን ነቅዬ ሳጥን አስገባሁ። አጎቴ የሚወስደኝ ራዲያተር ጠጋኝ ጋር፣ ሁላችንም ጋሼ ብቻ እያልን የምንጠራቸው ሰው ነበሩ። የላዳዋን የመዳብ ራዲያተር ቀዳዳዎቹን በጎማ ደፍነው በውሃ በተሞላ በርሜል ውስጥ ያጠልቁታል። በአንዱ አፍ አየር ይነፉበታል። እኛ ልጆቹ አረፋው ከየት እንደሚነሳ ለማየት እንጋፋለን፤ ጋሼ ግን አረፋውን አያዩም፣ ጣታቸውን ውሃ ውስጥ ነክረው በመዳሰስ ያገኙታል። በጠመኔ ምልክት ያደርጋሉ። ቦታውን በሽቦ ብሩሽ ፈግፍገው፣ አሲድ ቀብተው፣ ነበልባሉን ከሩቅ ወደ ቅርብ እያመጡ እርሳሱን ጠብ ያደርጉታል። እሳቱ ትንሽ ቢበዛ ጎረቤት ያለው ቱቦ ይፈታል። እንደገና በርሜል ውስጥ። አረፋ ከሌለ ሁለተኛ አያዩትም፤ «ውሰድ» ይላሉ። የእኔ እጅ ይህን በሕልሙም አይሠራው። እሳቸውን ሰው «ያ ቀጥቃጭ» ሲላቸው ሰምቻለሁ፤ እኔን ባለዲግሪውን ሳጥን ቀያሪ ደግሞ እናቴ ለጎረቤት አትናገር ትለኛለች።

ወንድሜ ያ ቤት አሁንም እንዳለ ነገረኝ። የያዙት የጋሼ ልጅ ናቸው፤ አሉሚኒየሙንም ተምረውታል፣ የተሰነጠቀውን የፕላስቲክ ጎን በላሜራ ሠርተው ይተኩታል። በ2016 መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ በኋላ ሰው ሁሉ «ሥራህ አለቀ» ሲላቸው፣ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪም ማቀዝቀዣ እንዳለው ያስረዳሉ አሉ።

አሮጌው ራዲያተር ሳምንት ሙሉ ኮሪደር ላይ ተደግፎ ቆመ። ባለቤቴ በወጣች በገባች ቁጥር ትገፋዋለች። የሚጣልበትን ቀን ስንነጋገር ወንድሜ በስልክ ሰማ።

«ጎኑ ብቻ ነው የፈሰሰው?»

«አዎ።»

«መሐሉ ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

«አብደሃል? ስትመጣ ይዘኸው ና።»

የአንድ ሻንጣ ልክ 23 ኪሎ ነው፤ ለገና የምንወስደው ጫማና መድኃኒት ግማሹን ይዞታል። መታጠቢያ ቤት ያለውን ሚዛን አውጥቼ ራዲያተሩን አቆምኩበት። ልክ አራት ኪሎ።

«ሰፈሩን ያውቃል» አለች ባለቤቴ፣ እና ጋዜጣ ልታመጣልኝ ሄደች፤ መጠቅለያ።