ሁዳዴን የግል ያደረገው ማነው?

ሰሞኑን በአንድ ኤፍኤም የጠዋት ፕሮግራም ላይ የቀረቡ እንግዳ የተናገሩት አልዋጥ ብሎኛል። ሐሳባቸው ባጭሩ ይሄ ነው። ጾም የግል ጉዳይ ነው። ከሥጋና ከወተት መከልከል ለድሮ ሰው ነበር፤ የዛሬ ሰው የታሰረው በስልኩ ነው። ስለዚህ ዘንድሮ ሁዳዴን ከቲክቶክና ከፌስቡክ እንጹም። ቡና የሚያበዛ ቡናውን ይተው። ጣፋጭ የሚወድ ጣፋጩን ይተው። ምግቡ ላይ ብዙ አንጨናነቅ። አዘጋጇም ሐሳቡን አድንቃ ወደ ማስታወቂያ አለፈች።

እኔ አላደነቅኩም። ተናደድኩ። የተናደድኩት ደግሞ በእሳቸው ብቻ አይደለም። የካቲት 9 ቀን 2018 ዓ.ም. ጾሙ ከገባ ጀምሮ ይኸው ወሬ በየገጹ እየዞረ ነው። ለሁዳዴ ምን ልትተዉ አስባችኋል የሚል ጥያቄ ይለጠፋል፤ ከሥሩ መልስ ይደረደራል። አንዱ ፊልም፣ አንዷ ኬክ፣ ሌላው ኳስ። ጥያቄው ራሱ ለሁዳዴ ባዕድ ነው። ሁዳዴ ሲገባ የሚተወው የታወቀ ነው። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል። ከሰንበት በቀር ጠዋት እህል አይቀመስም። የቻለ እስከ 9 ሰዓት፣ የበረታ ከዚያም አልፎ ይቆያል። ይሄ 55 ቀን ይዘልቃል፤ ዘንድሮ ሚያዝያ 4 ፋሲካ እስኪሆን ድረስ። ለእኔ የሚስማማኝ የቱ ነው ብሎ የሚመርጥ የለም።

እንግዳው ካነሷቸው ነጥቦች ሁሉ የባሰው ስለ ድሃ የተናገሩት ነው። አብዛኛው ሰው ሥጋ የሚያገኘው በዓመት በዓል ነው፤ ስለዚህ ሥጋ ተው ማለት ለድሃ ትርጉም የለውም፤ ስልክ ግን ሁሉም ይዟል አሉ። ይህን ሲሉ ድሃ አጠገባቸው አልነበረም። ቢኖር ዝም አይላቸውም ነበር። በየሰፈራችን ሁዳዴን አጥብቆ የሚጾመው ማን ሆነና? ጉልት ላይ ቲማቲምና ሽንኩርት ዘርግታ ፀሐይ ሲመታት የምትውለው እናት አይደለችም? ብሎኬት ተሸክሞ ፎቅ ለፎቅ ሲወጣና ሲወርድ ውሎ እስከ 9 ሰዓት ውሃ የማይቀምሰው የቀን ሠራተኛ አይደለም? እነሱ የሚተዉት ክትፎ አይደለም። የሚተዉት ቁርሳቸውን ነው። ሻይ በዳቦዋን ነው። አልፎ አልፎ ሽሮው ላይ ጠብ የምትለዋን ቅቤ ነው። ካለችህ ትንሽ ነገር ላይ ትንሿን መተው ትርጉም የለውም ብሎ በማይክሮፎን መናገር ድሃውን ማክበር አይደለም። ጾሙን ከእጁ መንጠቅ ነው።

ደግሞ ስልኩን መተው የሚችለው ማነው? የራይድ ሹፌር ጥሪ ካላነሳ ልጆቹ ምን ይበላሉ? በሞተር ዕቃ የሚያደርሰው ልጅ ስልኩን ዘግቶ ሁዳዴን ሊጾም ነው? ቤሩት፣ ሪያድ ወይም ኩዌት ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራውን እህታችንን አስቡ። ከእናቷ ጋር የሚያገናኛት ኢሞና ዋትስአፕ ብቻ ነው። ከእነሱ መካከል ጾማቸውን ከአሠሪ ደብቀው የሚጾሙ አሉ። የቀረበላቸውን ሥጋ ትተው በደረቅ ዳቦና በቲማቲም የሚውሉ አሉ። ማንም ሳያያቸው፣ ቅዳሴ ሳይሰሙ፣ ቄስ ሳያገኙ። እነሱን ምግቡ ላይ አትጨናነቁ፣ ይልቅ ስልካችሁን ተዉ ልንላቸው ነው? የስልክ ጾም ስልክ መዝናኛው ለሆነ ሰው የታሰበ ጾም ነው። ለሁሉም የሚሆን መስሎ የቀረበው ለጥቂቶች የሚመች ነገር ነው።

ሰው ራሱ ሲመርጥ ደግሞ የሚመርጠው ይታወቃል። የማይጎዳውን ይመርጣል። ከሚወዳቸው ሦስት ነገሮች ቀላሉን ያነሳል፤ በሁለተኛው ሳምንት ሲከብደው ይቀይረዋል። ማን ይጠይቀዋል? ሕጉን ያወጣው እሱ፣ የሚሽረው እሱ፣ ይቅር የሚለውም እሱ ነው።

የእኔ ዋናው ነገር ግን ከዚህ ሌላ ነው። ሁዳዴ ጉልበቱ አብሮ በመጾም ነው። ይሄን ለማየት መጽሐፍ ማገላበጥ አያስፈልግም፣ መንገድ መውጣት ይበቃል። ሉካንዳው በሩን ዘግቷል። ትናንት ቁርጥ ይበላበት የነበረው ወንበር ተገልብጦ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ምግብ ቤቱ ሁሉ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ሱፍ ፍትፍት ይዟል። ቢሮ ውስጥ አለቃውም ጥበቃውም የሚበሉት ያው በያይነቱ ነው። በሌላ ጊዜ ምሳ ሰዓት ላይ ማን ምን እንደሚከፈለው ከሳህኑ ይታወቃል። በሁዳዴ አይታወቅም። ጎረቤት ጥብስ ጠብሶ ሽታው የሌላውን ልጅ አያስለቅስም። ቤቷ ሽሮ ብቻ ያላት ሴት በሁዳዴ ማንንም ጠርታ ማብላት ትችላለች። አታፍርም። የመጣው እንግዳ ሚሊየነር ቢሆን እንኳ የሚጠብቀው ሽሮ ነው። በዓመት ውስጥ ለድሃ ቤት እንዲህ ያለ ክብር የሚሰጥ ሌላ ወቅት ካለ ይንገሩኝ። ይሄ የሆነው እያንዳንዱ ሰው የየግሉን ስለመረጠ አይደለም። ማንም ስላልመረጠ ነው።

አሁን ይሄንን በእንግዳው ምክር እንቀይረው። አንድ ቤት ውስጥ አባት ስልክ ጾሟል፣ እናት ቡና ጾማለች፣ ልጅ ኬክ ጾማለች፣ ወንድሟ ጌም ጾሟል። ማዕዱ ላይ ግን ዶሮ ወጥ ቀርቧል። ሴት አያታቸው አለች ጥግ ላይ፣ ሽሮዋን ለብቻዋ በትንሽ ሳህን ይዛ። እኛ የምንበላው ከአንድ ትሪ ነው። ጾማችንም ለአንድ ትሪ የተሠራ ጾም ነው። ዶሮ የነካ እጅ አያትን ማጉረስ አይችልም። ስለዚህ በዚህ ቤት የጾመችው አንዷ ባዕድ ሆናለች፤ የቀሩት ግን ሁሉም ጾመኛ ነን ይላሉ። ቡና መተውስ ቢሆን? ቡና ማለት ጎረቤት ነው። ከሰዓት ረከቦቱ ሲዘረጋ፣ ቆሎውና ንፍሮው ሲቀርብ፣ የሰፈሩ ሴቶች የታመመውንና የወለደችውን የሚያነሱበት ሰዓት ነው። ከዚያ መቅረት ለራስ ጥሩ ስሜት ይሰጥ ይሆናል። ለጎረቤት ግን ከቤት የጠፋ ሰው መሆን ነው።

ቤተ ክርስቲያኗ ራሷ እንዴት እንደምትጾም ተመልከቱ። ሁዳዴ ሲገባ ከበሮው ይቀመጣል፣ ጸናጽሉ ዝም ይላል። ካህናቱ የጾሙን የዜማ መጽሐፍ፣ ጾመ ድጓውን፣ በመቋሚያ ብቻ ያዜማሉ። ከበሮ የሚወድ መሪጌታ ከበሮዬን ልያዝና በምትኩ ሌላ ነገር ልተው አይልም። ሠርግም አይደገስም። በጥር ሠርግ የሚበዛው፣ የቀረውም ከፋሲካ በኋላ የሚሰለፈው ለዚህ ነው። የሙሽሮቹ ምርጫ አልተጠየቀም። ጾሙ ሲያልቅም እንደዚሁ ነው። ቅርጫ የሚገባው ሰፈሩ ተሰባስቦ ነው፤ አንድ በሬ ለብዙ ቤት ይከፋፈላል። አብሮ የጾመ አብሮ ይፈስካል። ቲክቶክ የጾመው ሰውዬ በፋሲካ ሌሊት ከማን ጋር ሊፈስክ ነው?

ዘንድሮ ረመዳን የገባው ሁዳዴ በገባበት ሳምንት ነው። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንን እያየን ነው። ፀሐይ እስክትጠልቅ እህልም ውሃም የለም፤ ሲመሽ ሁሉም በተመሳሳይ ሰዓት ያፈጥራል። አንድ ሰው ሬዲዮ ላይ ወጥቶ ዘንድሮ ቀን ቀን እየበላን ከፌስቡክ ብንጾም ይሻላል ቢላቸው ሐሳቡን የሚያደንቅ አዘጋጅ የሚገኝ አይመስለኝም። ለምን የእኛ ጾም ብቻ ነው እንደፈለጉ የሚያሻሽሉት?

እንግዳው ቅዱስ ያሬድንም ጠቅሰዋል። "ይጹም ዓይን፣ ይጹም ልሳን" ይላልና ዋናው የዓይንና የአንደበት ጾም ነው አሉ። ጥቅሱ እውነት ነው፣ በጾመ ድጓ ውስጥ አለ። ግን ጾመ ድጓ የማን መጽሐፍ ነው? ከጠዋት ጀምሮ ያልቀመሱ ሰዎች ቆመው የሚያዜሙት መጽሐፍ ነው። ያሬድ ዓይንህም ይጹም ያለው ሆዱ የጾመውን ሰው ነው። ሆዱን ሞልቶ ለመጣ ሰው ማምለጫ ይሁነው ብሎ አልደረሰውም። የቤተ ክርስቲያን የሕግ መጽሐፍ ፍትሐ ነገሥቱም በአንቀጽ 15 ስለ ጾም ሲናገር የሚነሳው ሰው በታወቀ ጊዜ ከምግብ ከመከልከሉ ነው። በታወቀ ጊዜ። አንተ በመረጥከው ጊዜ አይልም።

ይህ የየግል ምርጫ ነገር ከየት እንደመጣ የሚያውቁት ውጭ ሀገር ያሉ ወገኖቻችን ናቸው። ዋሽንግተን አካባቢ የሚያድግ የእኛ ልጅ የክፍል ጓደኞቹ ለጾም ምን ትተሃል ይሉታል። እነሱ ቸኮሌት ትተዋል። ልጁም ቤት መጥቶ እኔስ ቸኮሌት ብተው አይበቃም ወይ ይላል። የልጅ ጥያቄ ነው፣ አልፈርድበትም። ትልቅ ሰው አዲስ አበባ ላይ ቁጭ ብሎ ይህንኑ አዲስ ግኝት አድርጎ ሲያቀርበው ግን ሌላ ነው። በዚያ ላይ ይሄ መንገድ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1966 የሮማው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ የየሀገሩ ጳጳሳት ከሥጋ መከልከልን በሌላ የንስሐ ተግባር እንዲተኩ ፈቀዱ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ጳጳሳት ከሁዳዴ ውጪ ያለውን የዓርብ የሥጋ ክልከላ ከግዴታነት አነሱት፤ ምእመኑ ራሱ የመረጠውን ንስሐ ያድርግ ተባለ። እንግሊዝና ዌልስም ምርጫውን ለምእመኑ ሰጡ። ከዚያስ? የእንግሊዝና የዌልስ ጳጳሳት እ.ኤ.አ. በ2011 የዓርቡን ክልከላ ለሁሉም መልሰው አዘዙ። ያቀረቡት ምክንያት መልካም ልማድ በጋራ ውሳኔና በጋራ ምስክርነት ሲያዝ ይሻላል የሚል ነበር። እነሱ ተመልሰው የመጡበትን በር እኛ ዛሬ በጉጉት ልንወጣበት ነው።

እንግዳው አንድ ነገር ልክ ብለዋል፤ እሱን አልክድም። የጾም ምግብ በአንዳንድ ቤት ድግስ ሆኗል። የጾም በርገር፣ የጾም ኬክ፣ የጾም ማኪያቶ ከፍስኩ በላይ ያስወጣል። ይሄ ያሳፍራል። ግን መድኃኒቱ ወደ ሽሮው መመለስ ነው እንጂ ወደ ክትፎው መሄድ አይደለም። በኢሳይያስ 58 ላይ እግዚአብሔር የሚወደው ጾም እንጀራን ለተራበ መቁረስ ነው ተብሏል። የቁርስህ ዋጋ ከኪስህ ካልወጣ ለነዳያን ስጠው። ቲክቶክን የዘጋ ሰው ማንን አበላ? ስልኩን መዝጋት መልካም ነው፣ በላዩ ላይ ይጨመር። በምትክ ግን አይሆንም።

ደግሞ እንዲህ ካላላላነው ወጣቱ ይሸሻል ይሉናል። የትኛው ወጣት? በስቅለት ዕለት ከጠዋት እስከ ማታ ግቢውን ሞልቶ የሚሰግደውን ወጣት አላዩትም። ከዓርብ እስከ እሑድ ሌሊት እህል ሳይቀምስ የሚያከፍለውን አያውቁትም። ወጣት የሚሸሸው ከከበደው ነገር አይደለም። ትልልቆቹ ራሳቸው ከማያምኑበት ነገር ነው።

ሥርዓቱ ጨካኝ አይደለም። የታመመ፣ ያረገዘች፣ የምታጠባ፣ መድኃኒት የጀመረ ሰው መንገድ አለው። ወደ ንስሐ አባቱ ሄዶ ችግሩን ይናገራል፤ አባትየው ሁኔታውን አይቶ ይፈቅዳል፣ ያቀልላል፣ በምትኩ ጸሎት ወይም ምጽዋት ያዛል። ለአንድ ሰው፣ በአንድ ሰው ጉዳይ፣ በሚያውቀው አባት። እንግዳውም ምግቡ ከብዷቸው ከሆነ ይህ በር ለእሳቸውም ክፍት ነው። ከጠዋት ዜና በኋላ ለከተማው ሁሉ ፈቃድ እንዲያድሉ ግን ማንም አልላካቸውም።